የጭነት አውሮፕላን በምን ይወድቃል? ከጎሮ እስከ አራብሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጎሮ እስከ አራብሳ ያለው ሰፈር ከቦሌ ማኮብኮቢያ በስተምሥራቅ፣ የአውሮፕላኖቹ መንገድ ሥር ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መስኮታችንን የሚያንቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ መንገደኛ ሳይሆን አበባ የጫነ ነው። እኔ የዕድሜዬን እኩሌታ በጭነት ሚዛን ሥራ አሳልፌያለሁ፤ ስንት ኪሎ የት ቦታ እንደሚቀመጥ አስልቼ ወረቀቱን ለካፒቴኑ መስጠት ነበር ሥራዬ። ጎረቤት ይህን ስለሚያውቅ አንድ ካርጎ የሆነ አገር ወደቀ የሚል ዜና በቴሌግራም በተለቀቀ ቁጥር በዕድር ስብሰባም በለቅሶ ድንኳንም ከብቦ ይጠይቀኛል። በየጊዜው ያንኑ ከምደጋግም እዚህ ጻፍኩት።

በአንድ ቃል ንገረኝ፤ ምንድን ነው የሚጥለው?

በአንድ ቃል አይሆንም። አውሮፕላን ሲሠራ አንድ ነገር ቢበላሽ እንዳይወድቅ ታስቦ ነው፤ ሞተሩ ከአንድ በላይ፣ መቆጣጠሪያዎቹን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ሃይድሮሊኩ ከአንድ በላይ፣ አብራሪውም ሁለት ነው። ስለዚህ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ነገር ተደራርቦበት ነው። በመጀመሪያው ሰዓት የሚናፈሰው “ሞተር ጠፍቶበት ነው” የሚለው ወሬ እውነት ቢሆን እንኳ ግማሽ መልስ ነው። ለምን ጠፋ? ከጠፋስ በኋላ በቀረው መብረር ለምን አቃተው?

ከልክ በላይ ስለሚጭኑበት ነው አይደል?

ይህ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ግምት ነው። ጭነት ሲባል በደብረ ዘይት መንገድ የሚንገዳገደው አይሱዙ ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። በአውሮፕላን ግን ከክብደቱ እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ የተቀመጠበት ቦታ ወሳኝ ነው። አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ጆንያው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ዳገት ላይ የአህያዋ የፊት እግር ይቀልና መንገዷን ትስታለች። አውሮፕላንም ጭነቱ ወደ ጭራው ካደላ አፍንጫው ከሚፈለገው በላይ ቀና ይላል። አብራሪው መሪውን ወደፊት ገፍቶ ሊመልሰው ይሞክራል፤ ማድላቱ ከበዛ ግን ጭራው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ አቅም ያንሰዋል። አፍንጫው እንደተቀሰረ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፣ ከዚያ ያለው መውደቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1997 ማያሚ ላይ የሆነው ይህ ነው። የጂንስ ጨርቅ የጫነ ዲሲ-8 የሚባል ካርጎ ክብደቱ ወደ ኋላ አድልቶ ተነሳ፤ አብራሪዎቹ ደግሞ ጭራውን ያስተካከሉት በተሰጣቸው ወረቀት መሠረት ነበር። ወረቀቱና ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር አልተገናኙም። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 4 ሰዎችና መሬት ላይ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ።

ወረቀትና ዕቃ እንዴት ይለያያሉ ለሚል፣ የራሴን አንድ ሌሊት ልንገር። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ እንደጉድ ይወርዳል። አንድ ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ተደርድሮ የሚታሰርበት ጠፍጣፋ መሠረት፣ ሙሉ ጽጌረዳ መጣ፤ ወረቀቱ 2,900 ኪሎ ይላል። ካርቶኖቹ ከሥር ጠቁረው አብጠዋል፣ ከላይ የተጣለው ፕላስቲክ ደግሞ መሐሉ ላይ ውሃ አቁሯል፤ አንዱ ልጅ በእጁ ሲገፋው እንደ ገንዳ ተገልብጦ ጫማዬን ሞላው። እንደገና ይመዘን አልኩ። “ጋሼ፣ ሰዓት እኮ የለንም” አለኝ ፎርክሊፍቱ ላይ ያለው። መዘንነው፤ 3,160 ኪሎ። አንድ ፓሌት ላይ 260 ኪሎ አውሮፕላን አይጥልም። በዚያ ሌሊት ግን ሁሉም ፓሌት በዚያው ዝናብ ውስጥ ነበር የዋለው። 260ን በ20 እና በ30 ማባዛት ነው እንግዲህ።

ከባዱ ስህተት አንዳንዴ ከዕቃው ሳይሆን ከቁጥሩ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ሃሊፋክስ፣ ካናዳ ላይ አንድ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን 353 ቶን ሆኖ ሳለ ላፕቶፑ ላይ ስሌቱ የተሠራው ቀደም ብሎ በተነሳበት ኤርፖርት በነበረው 240 ቶን ነው። ኮምፒውተሩ ለቀላል አውሮፕላን የሚሆን የሞተር ኃይልና ፍጥነት ሰጠ፤ እነሱም ያንኑ ይዘው ተንደረደሩ። ጭራው ማኮብኮቢያው ጫፍ ያለውን የአፈር ክምር መታ፣ 7ቱም ሞቱ። ሞተሮቹ ምንም አልሆኑም ነበር።

ጭነቱ በአየር ላይ ቢፈታስ?

ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2013 አፍጋኒስታን፣ ባግራም፣ 5 ከባድ ወታደራዊ መኪናዎች የጫነ 747 እንደተነሳ አፍንጫውን ሰቅሎ ቆመና ወደቀ። በመኪና ካሜራ የተቀረጸው ቪዲዮ ዛሬም በየስልኩ ይዞራል። ሰው ሁሉ “ጭነቱ ወደ ኋላ ሄዶ ሚዛኑን አሳተው” ብሎ ደመደመ። መርማሪዎቹ ያገኙት ግን ከዚያ የባሰ ነበር። ከኋላ የታሰረው መኪና ማሰሪያውን በጥሶ የኋላውን ግድግዳ ሰብሮ ገባ፤ ከሁለት የሃይድሮሊክ መስመሮች ጋር የጭራውን አግድም ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ጠመዝማዛ ብረት አበላሸው። አብራሪዎቹ መሪ ይዘው ነበር፤ መሪው ግን የሚያዘው ነገር አልነበረም። ማሰሪያ ቀበቶው ስንት መሆን እንዳለበት የሚናገረው የድርጅቱ መመሪያ ራሱ ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ።

እኛ ጋ በብዛት የሚጫነው አበባ፣ ሥጋ፣ ጨርቅና ስልክ ነው። ይህ በፓሌት ላይ ተደርድሮ፣ በመረብ ተወጥሮ፣ ወለሉ ላይ ባሉ ቁልፎች ይያዛል። አንድ ቁልፍ ሳይነሳ ከቀረ የጎረቤቶቹ ፓሌቶች ክብደት መቀነስ አለበት፤ ሠንጠረዥ አለው። እኔ የምፈራው ቁልፉን ሳይሆን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ቁልፉን የሚቆጥረውን ሰው ድካም ነው።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው ይባላል። እውነት ነው?

ከፍታው እውነት ነው፤ “ስለሆነች ነው” የሚለው ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ሹፌር አራት ኪሎ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አውሮፕላኑም ያጥረዋል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በሳሳ አየር ውስጥ ፈጥኖ መሄድ አለበት፤ በመሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምራል። ፈጥኖ እንዳይሄድ ደግሞ ሞተሩም በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ልቁም ቢል በዚያ ፍጥነት ላይ ፍሬን መያዝ ይከብዳል። ሦስቱም ረጅም መንገድ ይጠይቃሉ፤ የቦሌ ትልቁ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው። ፀሐይ ሲከር አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል። ከባዱ ካርጎ በቀዝቃዛው ሌሊት ቢነሳ የሚጠቀመው ለዚህ ነው። እንቅልፍ አሳጣን የምትሉት ሁሉ ይህችን ያዙልኝ።

ውጤቱን የምናየው በአደጋ ሳይሆን በገንዘብ ነው። ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን 100 ቶን ገደማ የመሸከም አቅም አለው፤ ከቦሌ ግን ሩቅ መንገድ ሲሄድ ወይ ከጭነቱ ይቀነሳል፣ ወይ ነዳጁ ተቀንሶ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። አዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አቡሴራ ላይ እንዲሆን ሲመረጥ ቦታው ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ማለቱ አንዱ ጥቅም ነው።

ከፍታው ራሱ ግን አይጥልም፤ የታወቀ ነገር ነውና በስሌት ይገባል። የሚያደርገው ስህተትን የሚሸፍነውን ትርፍ ማጥበብ ነው። የሃሊፋክሱ ዓይነት የቁጥር ስህተት የትም አደገኛ ነው፤ እንደ ቦሌ ባለ ቦታ ላይ ደግሞ ይቅር የሚል ነገር ያንሳል።

ወፍ ይህን የሚያህል አውሮፕላን ይጥላል?

ይጥላል፤ በአገራችን ጥሏል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንዱ ወዲያው ጠፋ፤ ሌላው ሊመለስ ሲዞር ጠፋ። ጎማ ሳይዘረጋ ሜዳ ላይ አረፈና ተቃጠለ፤ ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። መንገደኛ የጫነ ነበር፤ ርግቧ ግን መንገደኛና ካርጎ አትለይም።

አንድ ጭላት አንድ ሞተር ውስጥ ቢገባ ሞተሩ ሊጎዳ ይችላል፣ አውሮፕላኑ ግን ይመለሳል። የሚያስፈራው መንጋ ነው። መንጋ የሚሰበስበው ደግሞ እኛው ነን። ከሉካንዳ ጀርባ ቦይ ውስጥ የሚጣለውን አጥንትና አንጀት ጠዋት ጠዋት አሞራ ሲሻማበት አያለሁ፤ ቀና ስል የሚያርፈው አውሮፕላን ሆዱ ይታየኛል። በዕድራችን ሦስት ጊዜ አንስቼዋለሁ። “ምን አገባህ በአሞራ” የሚል አለ።

አንድ ሞተር ከጠፋ አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም። የሚነሳ አውሮፕላን ሁሉ የውሳኔ ፍጥነት የሚባል አለው። ከዚያ በታች ሞተር ቢጠፋ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ቢጠፋ በቀረው ተነስቶ ዞሮ ማረፍ እንዲችል ነው ክብደቱ የሚወሰነው። አብራሪዎች ይህንኑ በሲሙሌተር እስኪሰለቻቸው ይለማመዱታል።

ሞተር መጥፋትና ሞተር ተገንጥሎ መውደቅ ግን ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1992 ከአምስተርዳም የተነሳ 747 ካርጎ፣ ሞተሩን ከክንፉ ጋር የሚይዙት ፒኖች ተሰነጣጥቀው አንዱ ሞተር ተገነጠለ፤ ሲሄድ አጠገቡ ያለውንም ይዞት ሄደ፣ የክንፉን ፊትም ቀደደው። አውሮፕላኑ ቤይልመርሜር የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ወድቆ 43 ሰው ሞተ፤ 39ኙ በየቤታቸው የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2025 ደግሞ አሜሪካ፣ ሉዊቪል ላይ የአንድ ኤምዲ-11 ካርጎ የግራ ሞተር ከነማንጠልጠያው ሲነሳ ተገነጠለ፤ በመጀመሪያው ዘገባ ማንጠልጠያው ላይ በብዛት ከመሥራት የመጣ ስንጥቅ መገኘቱ ተገልጿል።

አሮጌ ስለሆነ ነው?

ብዙ የጭነት አውሮፕላን ቀድሞ ሰው ሲጭን የኖረ ነው፤ ወንበሩ ወጥቶ ሰፊ በር ተቆርጦለት ካርጎ ይሆናል። እርጅና ስንጥቅ ያመጣል፤ ስንጥቅ የሚያመልጠው ግን የሚመረምረው ሲያጣ ነው። ዕድሜው ብቻ አይበቃም፤ በ2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው አራት ወር ያገለገለ አዲስ አውሮፕላን ነበር።

ስለ ባትሪ የሚወራው የተጋነነ ነው?

አልተጋነነም። እኔን በሥራ ዘመኔ ከሚያስፈሩኝ ሁሉ ይህ ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2010 ከዱባይ የተነሳ 747 ካርጎ ከ81,000 በላይ ሊቲየም ባትሪ ጭኖ ነበር። የእሳት ማስጠንቀቂያው ከጮኸ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደቀ። ጭሱ የአብራሪዎቹን ክፍል ሞልቶት ፊታቸው ያለውን መሣሪያ ማንበብ አልቻሉም፤ ካፒቴኑ ኦክስጅን አጥቶ ከወንበሩ ተነሳ፣ አልተመለሰም። ረዳቱ ብቻውን፣ ሳያይ፣ ሌሎች አውሮፕላኖች በሬዲዮ መልእክት እያቀባበሉለት ዱባይ ደርሶ ማረፍ አቃተው። በዓመቱ ደግሞ ጄጁ ደሴት አጠገብ ሌላ 747 ካርጎ በእሳት ባሕር ላይ ወደቀ።

ሊቲየም ባትሪ ሲቀጣጠል አንዱ ሌላውን እያሞቀ ይሄዳል፤ አየር ቢከለከልም በቀላሉ አይጠፋም። በብዙ የጭነት አውሮፕላን ዋና ወለል ላይ ያለው የእሳት መከላከያ ደግሞ አየር መከልከል ነው፤ አብራሪዎቹ የክፍሉን አየር አስወጥተው እሳቱን ኦክስጅን ያሳጡታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለብቻው የሚላክ ሊቲየም-አዮን ባትሪ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ እንዳይጫን ተከለከለ፤ በካርጎ ሲሄድም ቻርጁ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሆነ። መርካቶ ሆናችሁ “መለዋወጫ” ብላችሁ ያገለገለ የስልክ ባትሪ በካርቶን የምትልኩ ወንድሞቼ፣ ወረቀቱ ላይ የምትጽፉት ቃል የሁለት ሰው ነፍስ ነው።

“የፓይለት ስህተት” ሲባል ነገሩ እዚያ አበቃ?

እዚያ ነው የሚጀምረው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2013 በርሚንግሃም፣ አላባማ፣ ንጋት ሳይቀድ አንድ ኤ300 ካርጎ ማኮብኮቢያው ሳይደርስ ኮረብታ መታ። አብራሪዎቹ ከፍታቸውን አልተከታተሉም፤ ስህተት ነው። የድምፅ መቅጃው ሲከፈት ግን ሁለቱ ስለ እንቅልፍ ማጣትና የዕረፍት ሕጉ ካርጎን ስለመዝለሉ ሲያወሩ ተሰማ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የአብራሪዎች ዕረፍት ሕግ በእርግጥም የጭነት በረራን ነፃ ትቶታል። ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሰው አካል በግድ የሚተኛበት ሰዓት ነው፤ የካርጎ ዋና የሥራ ሰዓትም ያው ነው። ካርጎ የጫነው ሰው አይደለምና ይቻላል የሚል አስተሳሰብ ያናድደኛል። ከፊት የተቀመጡት ምንድን ናቸው?

ክረምቱና ተራሮቹስ?

እንጦጦ በሰሜን፣ የረር በደቡብ ምሥራቅ፣ ፉሪና ወጨጫ በደቡብና በምዕራብ አሉ። ዛሬ አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቱ መሬት እየቀረበ መሆኑን ጮሆ የሚናገር መሣሪያ ስላለ እንደ ድሮው ተራራ መምታት ቀንሷል። የሐምሌና የነሐሴ ነጎድጓድ የሚያመጣው ድንገት አቅጣጫ የሚቀይር ነፋስ ግን ለሚነሳም ለሚያርፍም አስቸጋሪ ነው። ደመናው ሲጠቁር አውሮፕላኖች አየር ላይ ሲዞሩ የምታዩት ይኸው እስኪያልፍ ነው።

የወደቀበት አካባቢ ሰው “ሲቃጠል አየሁ” ይላል። እሱ እያየ ለምን አይታመንም?

ጎረቤቴ አንዲት እናት “አንተ ልጅ፣ ገበሬ ይዋሻል እንዴ?” ብለውኛል። አይዋሽም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከቦሌ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ ጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ ላይ የወደቀውን 737 ማክስ ያዩ ገበሬዎች ከኋላው ጭስ ሲወጣ፣ ለየት ያለ ድምፅ ሲያሰማ እንደነበር ተናገሩ። ቦምብ ነው፣ እሳት ነው የሚለው ወሬ ከዚያ ተነሳ። ምርመራው የደረሰው ሌላ ቦታ ነው፤ በአፍንጫው በግራ በኩል ያለው የአውሮፕላኑን አንግል የሚለካ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ሰጠ፣ ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ያንን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ገፋው። 157 ሰው አለቀ። ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዢያ ላይም 189 ሰው በዚሁ ሥርዓት ሞቶ ነበር።

ሴንሰሩ ለምን ተሳሳተ በሚለው ላይ ግን አዋቂዎቹም አልተስማሙም። የኛ መርማሪ ቢሮ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አለ፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች ወፍ መትቶት ነው አሉ፤ የአብራሪዎቹ ሚናም በበቂ አልታየም ሲሉ ጨመሩ። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ዋናው ነገር ላይ፣ ማለትም ኤምካስ ላይ፣ ጠብ የለም። ቴሌግራም በሁለት ሰዓት ሲጨርሰው፣ ሦስት አገር አብሮ ሠርቶ በአንድ ሴንሰር ላይ እንዲህ ይለያያል።

ምርመራው ለምን ያን ያህል ይዘገያል? ማን ነው የሚመረምረው?

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 መሠረት የወደቀበት አገር ይመራል፤ የሠራው፣ የመዘገበውና የሚያንቀሳቅሰው አገር ይሳተፋሉ። የመጀመሪያ ዘገባ በ30 ቀን ይጠበቃል፤ እሱ የሆነውን እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። የመጨረሻው ቢቻል በ12 ወር ነው። የመጋቢት 2011ዱ የመጨረሻ ዘገባ የወጣው በታኅሣሥ 2015 ነው። ዓላማው ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው።

ቤቴ ከመንገዳቸው ሥር ነው። ልሽጠው?

እኔ አልሸጥኩም። ቤይልመርሜርን ነግሬያችኋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ቢሽኬክ፣ ኪርጊስታን፣ በጭጋግ ሊያርፍ የመጣ 747 ካርጎ ማኮብኮቢያውን አልፎ መንደር ላይ ወድቆ ከሞቱት 39 ሰዎች 35ቱ በቤታቸው የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ምንም አይደለም አልልም። ግን በየቀኑ ከጎሮ ወደ መገናኛ በሚኒባስ የምትሄዱበት መንገድ ከዚያ ይልቅ ያስፈራኛል።

እግዜር አያምጣውና ሰፈራችን ቢወድቅ ምን እናድርግ?

ነፋሱ ከጀርባችሁ በሚመጣበት በኩል ሁኑ፣ ጭሱ ውስጥ አትግቡ። ካርጎ ውስጥ አሲድም፣ ባትሪም፣ መድኃኒትም ሊኖር ይችላል። በሕይወት ያለ ሰው ካያችሁ እሱን፤ ከዚያ ውጭ ፖሊስ 991 ደውሉና ልጆቹን መልሱ። ያያችሁትን ያኔውኑ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከጎረቤት ጋር ሳትመካከሩ፤ በስንት ሰዓት፣ ከየት ወደ የት፣ ድምፁ እንዴት እንደነበር። ቪዲዮ ካላችሁ ዋናውን ፋይል አታጥፉ።

ብረትም አታንሱ። “ለማስታወሻ” ብሎ ቁራጭ ኪሱ የሚከት ሁልጊዜ አለ፤ ቆርቆሮ ሰብሳቢም ይመጣል። ቱሉ ፈራ ላይ አውሮፕላኑ አፈሩ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ነበር፤ ሲቆፈር ከወጣው ስብርባሪ መካከል አንዱ ጭራውን የሚያንቀሳቅሰው ጠመዝማዛ ብረት ነው። የቆመበት ቦታ አፍንጫው ወደ ታች እንዲሄድ ታዝዞ እንደነበር አሳየ፤ ጥቁር ሳጥኑ ፓሪስ ሄዶ እየተነበበ ሳለ።